የዋጋው ቦታ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጃንጥላ ዘርግቼ፣
ካርቦን ወረቀቴን መሀል አስገብቼ፣
የጎንደርን አቤት በገጽ እሸጣለሁ፤
የድንበር፣ የውርስ፣ የፍቺ እጽፋለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ተጎልቼ፣
የፀጉር ክስ አላውቅ፣ ጽፌም ሆነ ሰምቼ።

አትጠገብ መጣች በየካቲት መባቻ፣
በነጠላ ጠቅልላ፣ ዓይኗ ወጥቶ ብቻ።
አራት ሴት ከኋላ፣ አንገት የደፉ፣
ሻሽ ያጠለቁ እስከ ቅንድብ ጫፉ፤
ከአዘዞ አንዲት፣ ከማራኪ ሦስት፣
ጠረጴዛዬን ከበቡት እንደ ለቅሶ ቤት።

አንድ ጥቁር ፌስታል ፊቴ አስቀመጠች፤
«ይኸው ኤግዚቢቱ፣ ቁጠረው» አለች።
ፈታሁት። ፀጉር ነው፣ ከነሥሩ ያለ፣
ላይተር እንደነካው ጫፉ የከሰለ።
እኔን መላጣውን ሳል ያዘኝ ድንገት፤
የሳቅሁ መሰላት።
«ያንተ ፀጉር» አለች፣ «ተሰናብቶ ሄደ፤
የኔ ግን በገዛ ብሬ ታረደ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥምቀት ሊደርስ ሰሞን፣
ፒያሳ ከአንድ ሱቅ፣ «ሐር በሰባት ቀን»
የሚል ብልቃጥ ገዛች ከዕቁቧ ላይ ቀንሳ።
«ለጥምቀት ያልሆነ ፀጉር ይበጣጠስ»
ብላ ቀልዳ ነበር፤ አፍ ነው የሚያስለቅስ።
ቀብታው ተኛች ማታ፤ አናቷ ጋመ፤
ሻጩም «ሲሠራ ነው» እያለ ደገመ።
በጥምቀት ማለዳ፣ ከባሕረ ጥምቀቱ፣
እልልታው ሲቀልጥ፣ ውሃው ሲረጭ ከካህናቱ፣
ነጠላዋን ገልጣ አናቷን ዳሰሰች፤
እፍኝ ሙሉ ፀጉር እጇ ላይ አገኘች።

ሁሉን ጻፍኩ፤ የቀረች አንዲት መስመር ናት፤
የካሳው ልክ። ስንት ልበል? ስንት?
ዋጋ ካልገባበት መዝገብ አይከፈት።
ጤፍ ቢሆን በኩንታል፣ በሬም በገበያ፤
ይሄ በምን ይሰፈር?
«ያልሄድኩበትን ሰርግ ቁጠር» አለች አንዷ።
«እጮኛዬ ሲያየኝ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ
ግራ የገባው ዕለት፣ እሱን ዕለት ጻፍ።»
«ከራስ በላይ ነፋስ ሲሉ እሰማ ነበር፤
አሁን ነፋሱን አወቅሁት» አለች ሦስተኛዋ።
የአዘዞዋ ዝም አለች።
ሻሿን ብቻ አጠበቀች።
እኔም ቁጥር ጻፍኩ። ከየት እንዳመጣሁት አልናገርም።

የአስመጪው ጠበቃ መልሱን ሲያቀርብ፣
ከብልቃጡ ጀርባ፣ በጉንዳን ፊደል፣
በማናውቀው ቋንቋ ተጽፏል አለ፦
ሦስት ቀን ውሃ አይንካው።
ከሳሿ ግን በሦስተኛው ቀን ጥምቀት ወርዳ ተረጨች፤
እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?
አትጠገብ ሰማች። ወደ ጃንጥላዬ መጣች።
«ጻፍ፤ ሁለተኛ ተከሳሽ የጥምቀት ውሃ ነው፤
መጥሪያውን ለከርሞ፣ ታቦት ሲወጣ፣ አንተው አድርሰው።»

ቀጠሮ ለግንቦት። ቀጠሮ ለሰኔ።
ፌስታሉ ከረመ ከመሳቢያዬ ውስጥ፣
ማኅተምና እንጀራዬ በሚያድሩበት፤
ሽታው ግን ካርቦኑን እንኳ አሸነፈ።
ክረምቱ ገባ። አንገረብ ጠገበ።
ሐምሌ ላይ መጣች፣ አሁን ብቻዋን፣
ግራ ቀኝ አይታ ገፋ አደረገች ነጠላዋን፤
«እየው» አለችኝ።

በቅሏል።
ሣር በመጀመሪያው ዝናብ እንደሚወጣው፣
ስስ፣ ዓይን አፋር፣ ገና ስም ያልወጣለት።
ፊቷ ልሳቅ ይላል፤ ከንፈሯ ይከለክለዋል።
«ነገ ነው ቀጠሮው። ጠበቃው ካየ
‹ጉዳቱ ቀረ› ብሎ መዝገብ ያዘጋል።
ሌሎቹ አራቱ ገና ናቸው፣ የኔን ነው የሚያሳዩት።
ልላጨው? አንተ ሕግ ታውቃለህ፤ ልላጨው ወይ?»

አንቀጹን አውቃለሁ፣ ገጹን፣ ማኅተሙን፤
ይሄን የሚመልስ አንቀጽ አላየሁም።
ልነካው ፈለግሁ፤ ጣቴ ቀለም ነው፣
አልነካሁትም።
ዝናቡ ጣለ። ጃንጥላውን ወደ እሷ ገፋሁት፤
የኔን አናት መታኝ፣ ምንም ሳይከልለው።

መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር የኔ ግምት ነው።
እኔ ዘንድ በቀረው ቅጂ፣
የዋጋው ቦታ እስካሁን ክፍት ነው።